ክርኑ ላይ ያለች ጣት

ቀኝ እጄ የእኔ መሆኑ ከቀረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ልጄ ወስዶታል። ውሃ ሲጠማው እጄን ይዞ ብርጭቆው ላይ ያስቀምጠዋል፤ መውጣት ሲፈልግ የበሩ እጀታ ላይ ይጥለዋል፤ ካልሲው ሲቆረቁረው እግሩ ድረስ ጎትቶ ይወስደዋል። ፊቴን ቀና ብሎ አያይም። ከእጄ በላይ ያለሁት እኔ ለእሱ ትርፍ ነኝ። አባቱ «አለቃ» የሚል ስም ያወጣለት ትእዛዝ እንጂ ወሬ ስለማያውቅ ነው። አምስት ዓመቱ ነው፣ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም፣ ግን እንደ እሱ የሚያዝ ሰው በሰፈሩ የለም።

ኦቲዝም ነው ያሉን ሦስት ዓመት ሲሆነው ነው። ያኔ ያለቀስኩትን አልቅሼ ጨርሻለሁ፣ ወደዚያ አልመለስም። አሁን የማወራው ስለ ማንኪያ ነው።

ፀጉር ሠሪ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ከወንበር ጀርባ ቆሜ ሠርቻለሁ፤ እንጀራዬም መታወቂያዬም እነዚህ ጣቶች ናቸው። የሳሎኑ ባለቤት እትዬ ምላሷ ከመቀሷ ቢብስም ወንበሬን ለማንም ሳትሰጥ ጠብቃልኛለች። በቀደም ግን ደውላ፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔም አረጀሁ፣ ወንበሩም አቧራ ጠጣ፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ካልመጣሽ ሰው አስገባለሁ» አለችኝ። ምን ብዬ ልቆጣት? ሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ።

መሄድ የምችለው ደግሞ አለቃ ቀን የሚውልበት ቦታ ካገኘ ብቻ ነው። እንደ እሱ ያሉ ልጆችን የሚቀበል አንድ ትምህርት ቤት አለ፣ አንድ ቦታ ቀርቷቸዋል። ዳይሬክተሯ ልጁ ባይናገር፣ ዳይፐር ቢያደርግ፣ ቢጮህም ግድ የላትም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ምሳውን ራሱ ይብላ። ለስምንት ልጅ ያለቻቸው ረዳት አንዲት ናት፣ ስምንት አፍ ደግሞ በአንድ ሰው እጅ አይጠግብም። ዘንድሮ ካልገባ በሚቀጥለው ዓመት ለዚያ ክፍል ዕድሜው ያልፋል። እንግዲህ የእሱም የእኔም ነገር ከሳህን እስከ አፍ ባለችው አንድ ስንዝር መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ሃምሳ አንድ ደረጃ አለው፤ አለቃ አንዱን ደረጃ የሚወርደው ሁለቱንም እግሩን አንድ ላይ አቁሞ፣ እጄን ጨምድዶ፣ አስቦ፣ እንደገና አስቦ ነው። ስለዚህ ካልቸገረን አንወርድም። መንገዱን የማየው በመስኮት ነው። ማን በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ የትኛዋ ደንበኛዬ ሌላ ቤት መሠራት እንደጀመረችና እንዴት አድርገው እንዳበላሹባት ሳይቀር አውቃለሁ። ሽንኩርት የምከትፈው በግራ እጄ፣ ልብስ የማሰጣው በግራ እጄ ነው። ሽንት ቤት በሩን ከፍቼ ነው የምገባው፤ እሱ ቀኜን ይዞ በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ይጠብቀኛል። ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ጠዋት ሲወጣ ቤቱ የተቃጠለበት ነው የሚመስለው። አልፈርድበትም፣ እኔም ብችል እወጣ ነበር። አንዳንዴ ቀን ላይ አለቃ እጄን እንደያዘ እንቅልፍ ሲወስደው ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቄ እወጣና መተላለፊያው ላይ ዝም ብዬ እቆማለሁ። የትም አልሄድም። ትንሽ ቆሜ ተመልሼ እገባለሁ።

በሳምንት ሁለት ቀን አንዲት የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ጋ እንሄዳለን። ልጅ እግር ናት፣ ከእኔ ስምንት ዓመት ታንሳለች። ክፍሏ ውስጥ ምንጣፍ፣ ትልቅ ኳስ፣ ልጆች የሚሳቡበት የጨርቅ ዋሻና ከመሬት ክንድ የማይርቅ መሰላል አለ። መጀመሪያ ቀን የማንኪያውን ጉዳይ ስነግራት ኳሱን አምጥታ ልጄን በሆዱ አስተኛችበት። እኔ የመጣሁት ለእጁ ነው አልኳት። ሆዱና ጀርባው ካልጠነከረ እጁ አይታዘዝለትም አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ አንከባለለችው፣ በዋሻው አሳበችው፣ እግሩን ከፍ አድርጋ ይዛ በእጆቹ አስኬደችው። የቤታችን ወንበር ረጅም እንደሆነ፣ እግሩ ሲንጠለጠል ሰውነቱ ሁሉ እንዳይወድቅ በመጠበቅ እንደሚጠመድም ነገረችኝ። ከእግሩ ሥር የለስላሳ ሳጥን ደፋሁለት፣ እውነትም መንቀጥቀጡ ቀነሰ። የማንኪያውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልላ አወፈረችለት። ወደ እጁ የመጣነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እጄን እጁ ላይ አድርጌ ማንኪያውን አብረን እናነሳለን። ሁለት ሳምንት ቆይቼ እጄን ወደ አንጓው እመልሳለሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ክንዱ፣ ከዚያ ወደ ክርኑ፣ በመጨረሻ እለቀዋለሁ። እጄ ወደ ኋላ ይሄዳል እንጂ ወደ ፊት አይመለስም። በየምግቡ ምልክት የማደርግበት፣ ማቀዝቀዣው ላይ የሚለጠፍ ወረቀትም ሰጠችኝ። ሰው ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። እንቁላሉ የፈለገበት ይሂድ፤ እኔ ልጄ ማንኪያ ይያዝ ነው ያልኩት። ሁለት ሳምንት የተባለውን በአምስት ቀን፣ ቀጥሎ በአራት ቀን አደረግኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፣ እኔ ግን ምንም ሳይፈስብኝ ክርኑ ላይ ደረስኩ።

ክርኑ ላይ አንዲት ጣት ብቻ፣ ያችም ጠቋሚ ጣቴ። በዚህች ጣት አለቃ ሙሉ ሳህን ሩዝ በላ። ባሌን ጠርቼ አሳየሁት፤ ጎንበስ ብሎ የልጁን ክርን ሳመና ፊቴን ልታጠብ ብሎ ገብቶ ብዙ ቆየ። እኔም ወረቀቱ ላይ «ብቻውን» ከሚለው ሥር ምልክት አደረግኩ። ጣት እርዳታ ነው እንዴ? ዝንብ ብታርፍበት ከእኔ ጣት ትከብደዋለች። በማግስቱም ምልክት፣ በሳልስቱም ምልክት። ወረቀቱ ሲሞላ ለትምህርት ቤቱ ወስጄ ሰጠሁ፣ ዳይሬክተሯም ልጁን የምታይበትን ቀን ቆረጠችልን።

የቀረኝ ያቺን ጣት ማንሳት ነበር። አነሳኋት። ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። አለቃ ጣቴን ፈልጎ ያዘና ክርኑ ላይ መልሶ አስቀመጣት፣ ጎረሰ። እንደገና አነሳሁ፣ እንደገና አስቀመጠ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስንጓተት ከረምን።

ለባለሙያዋ የነገርኳት በቁጣ ነው። ልጄ ይችላል፣ እልኸኛ ስለሆነ ነው፣ እጄን አልለቅም ብሎ ነው፣ አባቱን ነው የወጣው አልኳት። እሷ ሩዝ አቅርባ እንደ ቤቴ እንዳበላው ነገረችኝና ስልኳን አውጥታ ከጎን ቀረጸችን። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ ፍጥነቱን ቀንሳ አሳየችኝ።

ልጄን አይደለም ያየሁት፣ ጣቴን ነው። ማንኪያው ከሳህኑ ከመነሳቱ በፊት ጣቴ ወደ ላይ ትገፋለች። ክርኑ ይነሳል፣ እጁ ይከተላል። አፉ ጋ ሲደርስ ጣቴ ወደ ውስጥ ዞር ትላለች፣ አንጓውም አብሮ ይዞራል። ሃያ ጉርሻ፣ ሃያ ጊዜ። አልገፋሁም፣ አስቀመጥኳት እንጂ ብዬ ማልኩ። እንደገና እንሞክር አለች፤ ትንፋሼን ውጬ፣ ጣቴን ድንጋይ አድርጌ ያዝኩ። ሁለተኛውን አሳየችኝ። ያው ነው።

«ማንኪያውን የሚያነሳው እሱ አይደለም» አለችኝ። «እሱ እጅዎን አልለቀቀም ይላሉ። እጅዎም እሱን አልለቀቀውም።»

አንቺ ወልደሻል ወይ አልኳት። አልወለደችም። ልጄን አንጠልጥዬ ወጣሁና መንገዱን ሙሉ ስሰድባት ሄድኩ፤ የገባኝ ስድቡ ሲያልቅብኝ ነው። ሳሎን ውስጥ ደንበኞቼ የሚወዱልኝ አንድ ነገር ነበር፣ አንገታቸውን ሳዞር አይሰማቸውም። ሌሎቹ የሳሎኑ ሠራተኞች «ቀና በይልኝ፣ ዞር በይልኝ» ይላሉ። እኔ ከጆሮአቸው ሥር ጣቴን ጣል አደርጋለሁ፣ ጭንቅላቱ ራሱ ይመጣል። «መቼ ነው ያዞርሽኝ?» ብለው ይስቃሉ፤ እትዬም «የዚች ጣት በሬ ይነዳል» ትላለች። አሥራ አራት ዓመት ሰውን ሳያውቀው ስነዳ ኖሬ፣ ልጄን እኔም ሳላውቀው ስነዳ ከረምኩ። ከአያያዝ ይቀደዳል ሲሉ ስለ ጨርቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ይሄ ብቻ አይደለም። እጄን ሲፈልገው ደስ ይለኛል። «እማዬ» ብሎኝ አያውቅም፣ ሌላው ልጅ እናቱን እንደሚያይ አይቶኝ አያውቅም። ከእሱ ዘንድ ያለኝ ቦታ ያቺ ጣት ናት። እሷን ካነሳሁ ለዚህ ልጅ ምኑ ነኝ? ታሰርኩ እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳለቅስ፣ መፈታቱንም ስፈራው ኖሬያለሁ። ይሄንን ለባሌ እንኳ አልተናገርኩም።

ለቀጠሮው ዘጠኝ ቀን ሲቀረን ተመልሼ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። የቂም ምልክት አላየሁባትም፣ እንዲያውም የመጣሁት ከጠበቀችው ቀን ቀድሜ እንደሆነ ነገረችኝ። ከእንግዲህ ሲበላ እጄ ላይ እንድቀመጥ፣ እንዳላወራ፣ እንዳላባብለው አዘዘችኝ፤ ለዳይሬክተሯም የወረቀቱን ነገር እንድነግራት ለመነችኝ። ለመጀመሪያው እሺ አልኩ። ሁለተኛውን ሆድ ይፍጀው አልኩ።

እጄ ላይ ተቀመጥኩ። አለቃ ከሥሬ መንጭቆ አወጣውና ክርኑ ላይ አስቀመጠው፣ ያቺ ጉደኛ ጣትም ገፋች። በማግስቱ ቀኝ እጄን በሽርጥ ማሰሪያ ከወንበሩ ጎን ጋር አሰርኩት፣ በግራ እጄና በጥርሴ። ይሄንን ጎረቤት ቢያይ ምን እንደሚል አስቤ ራሴ ሳቅኩ። አለቃ ግን አልሳቀም። ጮኸ፣ ሳህኑን ገፋ፣ ምሳ ሳይበላ ዋለ። ባሌ ሲመጣ እኔ ታስሬ፣ ልጁ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ሩዙ ግድግዳው ላይ ነበር። ልጁን በረሃብ ልትፈጂው ነው ወይ አለና አቅፎ በእጁ አጎረሰው። አንተ ማታ መጥተህ ታጎርሰዋለህ፣ ቀኑን ግን የምታሰረው እኔ ነኝ አልኩት።

በአራተኛው ቀን አለቃ መጮሁን ተወ። ከወንበሩ ወርዶ መጣና ቋጠሮውን አየው። በግራው ማሰሪያውን ወጠረ፣ በቀኙ መቆንጠር ጀመረ። ማንኪያ እንዲይዝ ጨርቅ የሚጠቀለልለት ልጅ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ግንባሩ አልቦት፣ ግማሽ ሰዓት ይሁን ከዚያ በላይ እንጃ፣ ፈታው። ፈትቶም እጄን ወስዶ ክርኑ ላይ አስቀመጠ። ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣብኝ። ለባለሙያዋ ስነግራት ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ሁለቱ እጆቹ ተጋግዘው ሲሠሩ ይሄ የመጀመሪያው ነው አለችኝ። ቋጠሮ መፍታት ትምህርት ቤት አያስገባም አልኳት። የዚያን ዕለትም፣ በማግስቱም፣ በቀጠሮው ዋዜማም አንዲት ማንኪያ ብቻውን አልጎረሰም። ቋጠሮውን ግን ከቀን ቀን እየፈጠነ ይፈታው ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ባለሙያዋም አብራን መጣች። እኔ ያሰብኩት ማጭበርበር ነበር፣ አልዋሽም። አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ጣቴን ክርኑ ላይ ጣል አደርጋለሁ፣ ማን ያያል? ደንበኞቼ እንኳ አንገታቸው ሲዞር አላዩም።

ዳይሬክተሯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ጠና ያለች ሴት ናት። አለቃን በዝቅተኛው ወንበር አስቀመጠችው፣ እግሩ ወለሉን ነካ። ሩዝና ካሮት ቀረበለት። ወንበር ስቤ ልቀመጥ ስል እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ እናቶች ከበሩ ውጭ ነው የሚጠብቁት አለችኝ።

«ወረቀቱ ውሸት ነው» አልኳት። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። «አንድም ቀን ብቻውን አልበላም።»

«እዚህ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ውሸት ነው» አለችኝ። «እኔ የማየው ልጁን ነው።» ከዚያ እኔንና ባለሙያዋን አስወጥታ በሩን ዘጋችው።

የበሩ ላይኛው ግማሽ መስታወት ነው። ግንባሬን አስደግፌ ቆምኩ። አለቃ ማንኪያውን ሩዙ ውስጥ ከትቶ ጠበቀ። በቀኙ በኩል እጅ ፈለገ፣ የለም። የረዳቷን እጅ ሊስብ ተንጠራራ፤ እሷ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋለች። የዳይሬክተሯን ሞከረ፣ ቀስ ብላ ሸሸች። ያቺ ቀጭን ድምፁ ስትጀምር በመስታወቱ በኩል ሰማኋት። አውቃታለሁ፣ ከእሷ ቀጥሎ ሳህኑ መሬት ነው። መስታወቱ ሲንኳኳ የሰማሁትም ያኔ ነው። ጣቴ ናት፣ መስታወቱን ወደ ላይ እየገፋች። ባለሙያዋ እጄን ወስዳ በሁለት እጇ ያዘችው።

አለቃ ድምፁን አቆመ። ግራ እጁን አነሳና አየው። ከዚያ የራሱን ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ያዘ፣ አውራ ጣቱን ከሥር፣ ጠቋሚውን ከላይ፣ ልክ እኔ ክርኑ ላይ ሳልደርስ እይዘው እንደነበረው። አነሳው። ግማሹ ሩዝ ደረቱ ላይ ወደቀ፣ ግማሹ አፉ ገባ። አኘከ። እንደገና ማንኪያውን ከተተ፣ እንደገና በግራው ያዘና አነሳው። እስከ ዘጠኝ ቆጠርኩና ከዚያ በኋላ ማየት አቃተኝ።

ዳይሬክተሯ ወጣች። እንደዚህ መያዝ ማን እንዳስተማረው ጠየቀች። ባለሙያዋ እኔ አይደለሁም፣ እንዲህ ሲያደርግም አይቼው አላውቅም አለቻት። እኔ ግን ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ዳይሬክተሯ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ጻፈች።

«ሁለቱም የራሱ እጆች ናቸው። ብቻውን ነው የበላው። ሰኞ ያምጡት።»

ሰኞ። እትዬ ጋ ሮጬ መደወል ነበረብኝ፣ ባሌ ጋ መደወል ነበረብኝ፣ እዚያው መተላለፊያ ላይ እልል ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የበሩን እጀታ ይዤ ልግባ ወይ አልኳት። እስኪጨርስ አይገቡም አለችኝ። ጨርሶ ቀና ሲል እኮ ይፈልገኛል አልኳት። እስቲ እንይ አለችና አጠገቤ ቆመች።

ጨረሰ። ቀና አላለም፣ ወደ በሩም አልዞረም። ሳህኑ ባዶ ሆኖ፣ ማንኪያው ወድቆ፣ ጣቶቹ ግን አንጓውን አልለቀቁም፤ የራሱን እጅ ይዞ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ባለሙያዋም እጄን ለቀቀችኝ። የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ ቀረሁ።